ሞተሩ ይሙቅ

ጠጋ በሉ፤ የሁለት ፈረሶች ወግ ላወጋችሁ ነው። ፈረስ ስላችሁ ሣር የሚግጥ እንዳይመስላችሁ፤ ቤንዚን የሚጠጣ ነው። ሁለቱም ስማቸው ሙስታንግ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ሜዳ ባለቤት ሳይኖረው የሚፈነጭ፣ ኮርቻ ጀርባውን ያልነካው የዱር ፈረስ ማለት ነው። ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ሙስታንግ ሁሉ ግንባሩ ላይ የሚለጥፈው የፈረስ ምልክት ግን ሁለቱም ላይ የለም፤ ለምን እንደሌለ እደርስበታለሁ። አንዱ የ1968 ነው፤ ሌላው የ2019። ዓመቱን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ስለምሄድ ወደኛ መመለሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሰው መኪና አቆም ነበር። ከተማዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሀል ከተማ ካሉት የምድር ቤት ማቆሚያዎች ወደ አንዱ ወርዶ በአማርኛ "እንደምን ዋላችሁ" ያለ ሰው፣ ከአንዱ ዓምድ ጀርባ "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚል ድምፅ ሳይመልስለት አይቀርም። በዚህ ሥራ ሰባት ዓመት ቆየሁ። ሀብታም በዕድሜው የማይነዳውን ያህል ዓይነት መኪና ነድቻለሁ፤ ሁሉንም ግን በአንደኛ ማርሽ። ከመግቢያው እስከ ሦስተኛው ምድር ቤት፣ ከሦስተኛው ምድር ቤት እስከ መውጫው። መንገዴ በሙሉ ቢደመር ጎንደር ደርሶ ይመለሳል፤ ፍጥነቴ ግን ከበቅሎ አልበለጠም።

ሒሳብ መቀበያው ዳስ ውስጥ ጋሼ ይቀመጡ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ የኤል ሳልቫዶር ሰው የሆነው ተቆጣጣሪያችን እንኳ "ጋሼ" ነበር የሚላቸው፣ የአባታቸው ስም መስሎት። አዲስ አበባ ሳሉ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከመኪና ሥር ተኝተው ስለጨረሱት አሁንም ሲያወሩ ሽቅብ ያያሉ። ስለ መኪና ሲያወሩ ደግሞ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ። አንድ ቀን ለአሜሪካዊ ደንበኛ "ማርሚታህ ተቀዷል" ብለው ሲያስረዱ ደርሻለሁ። ሰውየው የምግብ ስም መስሎት "አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ" ብሎ ሄደ።

ወጋችን የሚጀምረው በ2018 ኤፕሪል ወር፣ የቼሪው አበባ በረገፈ ሰሞን ነው። ከካፒቶሉ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ናሽናል ሞል የሚሉትን ሰፊ ሜዳ ታውቁታላችሁ። ሜዳው ላይ የመስታወት ቤት ተሠርቶ ውስጡ አንድ መኪና ቆሟል ሲሉ ሰምቼ፣ ጋሼን በዕረፍት ቀናቸው ጎትቼ ወሰድኳቸው። ደርሰን ኮፍያቸውን አወለቁና መስታወቱን ዞሩት። ሁለተኛ ዞሩት።

"ምን አድርጎ ታሰረ?" አሉኝ።

እውነት ለመናገር የታሰረ እንጂ የሚታይ አይመስልም ነበር። አረንጓዴው ቀለም ደብዝዟል፤ ጠርዝ ጠርዙን ዝገት በልቶታል፤ ገላው ላይ ጭረትና ቁስል አለ። ጋሼ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው እንደ ሐኪም አዩት።

"ላሜራውን ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ለቅልቆ ቀለም የሚረጭ አንድ ደህና ልጅ ጠፍቶ ነው? ሁለት ሳምንት አይፈጅም እኮ።"

ያልተቀባበትን ምክንያት እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

በ1968 "ቡሊት" የሚባል ፊልም ወጣ። ፒተር የትስ አዘጋጀው፤ ስቲቭ ማክዊን የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ሠራበት። የፊልሙን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼው ማን ማንን ለምን እንዳስገደለ አሁንም ግር ይለኛል። የሚታወሰው ከመሀሉ ያለው የመኪና ማሳደድ ነው፤ አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ሦስት ሰከንድ። ጥቁር ዶጅ ቻርጀር ከፊት፣ አረንጓዴ ሙስታንግ ከኋላ። ሩጫው ሊጀመር ሲል ሙዚቃው ድንገት ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሞተር፣ ጎማና ማርሽ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ቃል አይናገርም። ሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ደሴን ባሕር ዳርቻ ላይ አስቀመጧት በሉ። መኪናው ዳገቱን ወጥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ አራቱም ጎማ ከአስፋልት ይለቃል። አየር ላይ ይቆያል። ከዚያ ሆዱን ይመታል፤ ተመልካቹም ሆዱን ይይዛል።

ጨዋታ አዋቂዎች ፊልሙን እያቆሙ ስህተት ይለቅማሉ። አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን ደጋግማ ትታለፋለች፤ አሁን ያለፏት ቮልስ መልሳ ከፊት ናት። ቻርጀሩ የቸርኬ ክዳን በየኩርባው ሲጥል ለአራት ጎማ ከሚበቃው በላይ ይጥላል። ማክዊን ደግሞ አንድ ኩርባ ስቶ ጎማ እያጨሰ ያልፍና ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ በድርሰቱ አልነበረም፤ እውነተኛ ስህተት ነው፤ አልጣሉትም፣ ፊልሙ ውስጥ ተዉት። እኔ የምወደው ግን የስፖኪዮውን ነገር ነው። የውስጡ ስፖኪዮ ወደ ታች ሆኖ የማክዊን ፊት ከታየበት የሚነዳው ራሱ ነው፤ ወደ ላይ ተገፍቶ ፊት ከሌለበት መሪው የአደገኛ ትዕይንት ባለሙያው የባድ ኤኪንስ ነው ይባላል። ፍራንክ ኬለር እነዚህን ሁሉ ቆራርጦ ስለሰፋ የቅንብር ኦስካር ወሰደ።

አሁን ወደ ግንባሩ። ፊልም ሠሪዎቹ መኪናው የሱቅ ዕቃ እንዳይመስል፣ የፖሊስ ሰው ያለ ማጌጥ የሚነዳው እንዲሆን ፈለጉ። ስለዚህ ፈረሱን ከፊቱ ነቀሉት። ግንባሩ ባዶ ጥቁር ሆነ፤ ያ ባዶነት ነው ኋላ ፋብሪካው ራሱ የቀዳው።

ለፊልሙ የተዘጋጁት ሙስታንጎች ሁለት ነበሩ። ሲዘል የኖረው ተሰባብሮ ተጣለ፤ በ2017 ሜክሲኮ ውስጥ ከአሮጌ ብረት መሀል ተገኘ። ሁለተኛውን የስቱዲዮ ሠራተኛ ገዛው፤ ከሱ አንድ የኒው ጀርሲ መርማሪ ፖሊስ ገዛው። የፊልም ፖሊስ መኪና እውነተኛ ፖሊስ እጅ ገባ ማለት ነው። በ1974 ፖሊሱ በመጽሔት ማስታወቂያ አወጣው፤ ትዳር የያዘ አንድ ሰው በጥቂት ሺህ ዶላር ወሰደው። እስቲ አስቡት! ሚስቱ አስተማሪ ነበረች፤ ማክዊን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የነዳውን መኪና ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄድበት ነበር። በ1977 ማክዊን ራሱ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ መኪናውን መልሶ ሊገዛው እንደሚፈልግ፣ ዋጋው ካልከበደ። መልስ አላገኘም። በ1980 በካንሰር ታሞ ሞተ። በዚያው ሰሞን የመኪናው ፍሪሲዮን ተበላና ቆመ።

ጋሼ እዚህ ላይ አቋረጡኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቆመ። ቤተሰቡ አገር ሲቀይር አብሮ እየተጫነ ቴነሲ ደረሰ። ለማንም ሳይነግሩ ጋራዥ ውስጥ አቆዩት።"

"ሠላሳ ምናምን ዓመት? ለፍሪሲዮን?" ሳቃቸው መስታወቱን ሊሰነጥቀው ነበር። "ሶማሌ ተራ ቢሆን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ይወጣ ነበር!"

አባትየው በ2014 አረፈ። ልጁ መኪናውን እንዲነሣ አደረገው፤ ገላውን ግን አልነካም። ከሥሩ ለካሜራ ማሰሪያ የተበየዱት ብረቶች አሁንም እዚያው ናቸው፤ እነሱ ናቸው መታወቂያው። ቀለም ቢቀባ፣ ጋሼ እንዳሉት ቢቀጠቀጥና ስቱኮ ቢለቀለቅ፣ እንደ ብዙዎቹ ሌላ አረንጓዴ ሙስታንግ ይሆን ነበር። በ2018 ጃንዋሪ ወር ዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ አወጡት። መድረኩ ላይ አጠገቡ ሌላ አረንጓዴ ሙስታንግ ቆሞ ነበር፤ ቀለሙ ገና እንደ ጠዋት ቅጠል የሚያበራ፣ ግንባሩ ላይ ፈረስ የሌለው። የማክዊን የልጅ ልጅ ናት ያስተዋወቀችው። ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ፎርድ ያወጣው አዲሱ ቡሊት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ፈረሶች አሰልፌያለሁ፤ ሩጫው ይጀመር።

አሮጌው ጎራው የጡንቸኞች ነው፤ አሜሪካኖች መስል ካር የሚሉት። ነገሩ ቀላል ነው። መካከለኛ ወይም ትንሽ መኪና ወስደህ ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር ትጨምርበታለህ። በ1964 ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ በሚለው መኪና ይህን አደረገ፤ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ነገር አጥባቂ የሆነ ሰው "ሙስታንግ ጡንቸኛ አይባልም፣ ለሱ ዓይነት ሌላ ስም አለ" ብሎ ሊሟገታችሁ ይችላል። ልክ ነው፤ ግን 390 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የተጫነበትን ሙስታንግ ጡንቸኛ ካላልን ማንን እንል? 390 ኪዩቢክ ኢንች ማለት 6.4 ሊትር ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በጣታቸው አሰሉ። አዲስ አበባ ላይ በልጅነታቸው ታክሲ የነበረችው ያቺ ሰማያዊና ነጭ ፊያት፣ ሰይቼንቶዋ፣ መጀመሪያ ስትሠራ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር።

"አሥር ሰይቼንቶ!" አሉ። "አሥር ሰይቼንቶ አንድ ኮፈን ሥር!"

አዲሱ አምስት ሊትር ብቻ ነው። ቁጥሩን ስትሰሙት ግን ወረቀቱ ላይ 480 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ አሮጌው 325 ነው። ልዩነቱ 155 ፈረስ ነው ብላችሁ እንዳትዘጉት፣ እዚህ ላይ ተንኮል አለ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ብቻውን መቆሚያ ላይ ሰቅለው ነበር። ማርሚታ የለም፤ ዲናሞ አያዞርም፤ የአየር ማጣሪያ አያፍነውም። በ1972 ነው መለኪያው የተለወጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚለካው።

ጋሼ ምን አሉ? "ፈረሱን ያለ ኮርቻ፣ ያለ ጋላቢ፣ ያለ ስንቅ አስሩጠው ለኩት በለኛ።"

አዎ፤ እንደዚያ ነው። አዲሱ 480ውን ያመጣው ኮርቻውም ጋላቢውም ስንቁም ላዩ ላይ ሆኖ ነው። አሮጌው በአዲሱ ሚዛን ቢለካ ከ325 ብዙ ዝቅ ይላል። ሞተሩ የሚያዞርበት ኃይል ግን፣ ቶርክ የሚሉት፣ ወረቀት ላይ ሊገናኝ ትንሽ ቀርቶታል፤ አሮጌው 427፣ አዲሱ 420 ፓውንድ ጫማ። አሮጌው ያለውን ሁሉ ገና ከታች አፍስሶ ይሰጣል፤ አዲሱ ሲሊንደር በሲሊንደር አራት ቫልቭ እያስተነፈሰ ከ7,000 ዙር በላይ ይወጣል። አንዱ ሸክላ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎልማሳ፣ ሌላው ሯጭ ነው።

አሁን ስለ ሞታቸው ትንሽ ላውጋ፤ ጡንቸኞቹ በአንድ ሌሊት አልሞቱምና። መጀመሪያ ኢንሹራንስ ተወደደባቸው፤ ከዚያ የ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ጭሳቸውን ያዘው። የገደላቸው በ1973 ኦክቶበር የዓረብ አገሮች የጣሉት የነዳጅ ማዕቀብ ነው። በ1974 የወጣው ሙስታንግ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እንኳ ሊገዛበት አይቻልም ነበር፤ መነሻው አራት ሲሊንደር፣ 88 የፈረስ ጉልበት። ታዲያ ያው የነዳጅ ዋጋ እኛም ቤት ገባ። በኛ አቆጣጠር በ1966 የካቲት አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ሲወደድ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ወታደሩም ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጋሼ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው የጋራዥ ረዳት ነበሩ።

"አሜሪካኖቹ ጡንቸኛ መኪናቸውን አጡ፤ እኛ ደግሞ ንጉሣችንን" አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም አልገፋሁበትም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2019 ጸደይ፣ ዕድሌ ሁለቱን አገናኘልኝ። የፊልሙን መኪና አይደለም፤ እሱን ማን ያስነካኛል? አንድ ጡረታ የወጡ ደንበኛ ነበሩን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚየም የሚሄዱ። ቀይ የ1968 ሙስታንግ አላቸው፤ ሞተሩ ያው 390፣ ማርሹ በእጅ፣ አራት። በወር የሚከፍል ወጣት ጠበቃ ደግሞ አዲሱን አረንጓዴ ቡሊት ገዝቶ መጣ። አንድ ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለቱም ቁልፋቸውን እጄ ላይ ጣሉ።

አሮጌውን ልንገራችሁ። በሩን ስዘጋው ብረት ብረትን መታ። ኮፈኑ ከፊቴ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ጫፉ የት እንደሚያልቅ በግምት ነው። ቤንዚን ይሸታል፤ ሌላ መኪና ቤንዚን ቢሸት ወርጄ እሸሻለሁ፣ እዚህ ግን ያጠኑበት ይመስላል። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ወገብ የሚጠይቅ ነው። መሪው ረዳት የሌለው ስለሆነ ቆሞ አይዞርም፤ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት፣ ያኔም በሁለት እጅ ነው። ሞተሩ ዱግ ዱግ ሲል ወንበሩ፣ ማርሹ፣ ስፖኪዮው፣ የኔም ጥርስ አብሮ ይላል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬኑ ከኋላ የድሮው ከበሮ ነው፤ ቀድመህ ካላሰብክለት አያስብልህም። ሦስተኛ ምድር ቤት ያለችውን ትንሿን ጉብታ ስናልፍ የኋላው ባሌስትራ ወደ ላይ ጣለኝ። ባሌስትራ! ኢሱዙ ላይ ያለው ያው ባሌስትራ ነው። ሳቆመው ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። የነዳሁት ሦስት መቶ ሜትር አይሞላም፤ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ መኪና ነዳሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አዲሱ። ቁልፉ ኪሴ እንዳለ አዝራር ተጫንኩ፤ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ፣ በፈረሱ ፈንታ የመኪናው ሥዕል ብቅ አለ። የማርሹ ጫፍ ክብ ነጭ ኳስ ነው፤ እንደ ድሮዎቹ። ማርሹ ስድስት ነው፤ አውቶማቲክ ልግዛ ብትል የለም። ወደ ታች ስቀይር እኔ ሳልነካው ራሱ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን አስተካከለልኝ። ፍሪሲዮኑ እንደ ትራስ ነው። መሪው በሁለት ጣት። ከፊት ያለው ቀይ የብሬምቦ ፍሬን ስድስት ፒስተን አለው፤ ነካ ሳደርገው ተከለኝ። ክብደቱ ከ1,700 ኪሎ በላይ ነው፤ ከአሮጌው ከኩንታል በላይ ይከብዳል፣ ሲሄድ ግን አይታወቅም። ያችን ጉብታ ከ2015 ወዲህ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር ዋጣት፤ ማለፌን ያወቅኩት በዓይኔ ነው። ይህ መኪና በሰዓት እስከ 262 ኪሎሜትር ይበራል። እኔ በ15 ነዳሁት፤ ይቅር ይበለኝ።

እንግዲህ ፍርድ ከጠየቃችሁኝ አልሸሽም። በሚለካ ነገር ሁሉ አዲሱ ያሸንፋል፤ በሩጫ፣ በፍሬን፣ በኩርባ፣ ሲገለበጥ ሰው በማትረፍ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል የሚበልጠው መኪና አሮጌውን ለመምሰል ምን ያህል እንደደከመ ተመልከቱ! ቀለሙን ወሰደ። ኳሱን ጫነ። ፈረሱን ከግንባሩ አወረደ። ድምፁን እንኳ መሐንዲሶች በሚከፈትና በሚዘጋ ማርሚታ አቀናብረውለታል። የአሮጌው ድምፅ ማንም ያላቀናበረው ነው፤ ስምንት ሲሊንደር ሲፈነዳ የሚሰማው ያ ነው፣ አለቀ። የአዲሱን ግን ጠዋት በዝግታ እንዲነሣ ሰዓት ትሞላለታለህ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ አንድ የፎርድ ኃላፊ ሌላ ሙስታንግ ሲያስነሣ ጎረቤቱ ፖሊስ ጠራበት። ከዚያ በኋላ ነው ይህን ብልሃት የሠሩት፤ ስሙንም የመልካም ጎረቤት አሠራር አሉት። የዱር ፈረስ ተገርቶ ተገርቶ፣ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ ሰኮናው ላይ ጨርቅ ታሰረለት።

ይህን ሁሉ ምሳ ላይ ለጋሼ ደሰኮርኩ። አሮጌው ይሻለኛል፣ ሰው ያደርጋል፣ አልኩ። እንጀራቸውን ጠቅልለው ጎርሰው እስኪውጡ ጠበቁኝ።

"አሮጌ መኪና የሚወደው ሥሩ ተኝቶ የማያውቅ ነው።"

"እንዴት ጋሼ?"

"አንተ ሦስት መቶ ሜትር ነዳህ፤ ላብህን ወደድከው። እኔ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ይዤ ከእንጦጦ ወርጃለሁ። የባሌስትራ ቅጠል ፊቴ ላይ ወድቆብኛል፤ ይኸው።" ቅንድባቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። ሁሌ የልጅነት ነገር ይመስለኝ ነበር። "ያንን አረንጓዴውን ስጠኝ። ሥሩ አልገባም፣ ኮፈኑን አልከፍትም፣ ገብቼ መሪውን ይዤ እንደ ሰው ቤቴ እገባለሁ። ቅዳሜዬን አታበላሽብኝ።"

የምመልሰው አጣሁ። እኔ ናፍቆቱ የሳቸው፣ ስሌቱ የኔ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ ተገለባበጠብኝ።

በ2020 ጃንዋሪ 10 የፊልሙ መኪና ኪሲሚ፣ ፍሎሪዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ጥሪው ከጥቂት ሺህ ተነሥቶ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ላይ መዶሻው ወረደ፤ የአጫራቹ ድርሻ ሲጨመር 3.74 ሚሊዮን። ለሙስታንግ እስከዚያ ቀን ያልተከፈለ ዋጋ ነበር። አዲሱን ቡሊት ከሱቅ ብትገዙት ከ50 ሺህ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ቁጥር የምትወዱ አካፍሉት። ዜናውን ስልኬ ላይ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፎቶውን አሰፉት፤ ዝገቱን አዩት።

"ቀለም ሳይቀባ?"

"ቀለም ሳይቀባ።"

"የዲያብሎስ ሥራ ነው" ብለው ስልኬን መለሱልኝ።

በሳምንቱ፣ ዜናውን ሰምተው ይመስለኛል፣ እኒያ ጡረተኛ ቀዩን ሙስታንግ በዚያ ብርድ ይዘውት መጡ። ማታ ሊወስዱት ሲሉ ላወጣላቸው ወረድኩ። ነዳጁን ረገጥኩ፤ ቁልፍ አዞርኩ፤ እምቢ አለ። እንደገና ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ አዞርኩ። በሰባት ዓመት የለመድኩት አዝራር መጫን ነውና ካርቡራተር ማለት ምን እንደሆነ እግሬ አያውቅም። ባትሪው ሊዳከም ሲል አቆምኩ። ምድር ቤቱን የቤንዚን ሽታ ሞላው። ባለቤቱ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ያለኝ አማራጭ አንድ ነው፤ ጋሼን ጠራኋቸው።

ጃኬታቸውን እየቆለፉ ቀስ ብለው ወረዱ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም፤ ከሩቅ አሸተቱት።

"ቤንዚን አጠጥተህ አሰከርከው እኮ፤ ውረድ ከዚህ።"

ገቡ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ። ጥቂት ደቂቃ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ አየር እንዲያገኝ ነው። ከዚያ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠው፣ ሳይለቁ፣ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ጎተተ፤ ሳለ፤ አንዱ ሲሊንደር ያዘ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ከዚያ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ሦስተኛውን ምድር ቤት ሞሉት። ከጣሪያው አቧራ ወረደ። ሩቅ የቆመ የአንድ መኪና የሌባ ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ። እግራቸውን ቀስ ብለው እያነሡ ዙሩን አወረዱት፤ ዱግ ዱግ አለ።

ላይ ያሉት ሰውዬ እየጠበቁ ነው። በመስኮቱ ጎንበስ አልኩ።

"ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ፤ ላውጣላቸው።"

ቀና ብለው አላዩኝም። ቀኝ እጃቸው ማርሹ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ኮፈኑ ላይ።

"ቆይ" አሉኝ፤ "ሞተሩ ይሙቅ።"